ባና ውስጥ ያደረው ሜሞሪ

ኅዳር 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ኮምፒውተሩን አብርቼ ሥራ እስኪጀምር ስጠብቅ፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ሀብቴ ግቢውን ጠርጎ ጨረሰ፤ ቆሻሻውንም አቃጠለ። ከዚያ በመስኮቴ አንገቱን አስገብቶ፣ «ካሣነሽ፣ ያ ሳጥንሽ የነቢያትን ጾም ያዘ እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም» አለኝ።

«አንተ ጡረታ ስትወጣ ይነሣል» አልሁት።

ስቆ ሄደ። እኔ ግን አልሣቅሁም። በዚህች የቆርቆሮ ክፍል፣ ከፍርድ ቤቱ በር ሃያ እርምጃ ርቄ፣ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ የእኔን ያህል የሰው በደል በጣቱ የነካ የለም።

ደጊቱ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት መጣች። ከገጠር ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ ነው። የባልዋ ወንድም፣ ዋርሳዋ ዘመኑ፣ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሳት። በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበች በሌለችበት ተወሰነባት። ውሳኔውን የሰማችው ከትናንት በስቲያ ነው። ከሰማችበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ፣ የቀረችበትን ምክንያት በቃለ መሐላ ደግፋ ካመለከተች ነገሩ እንደገና ይታይላታል። ካለፈ መሬቱ ሄደ። የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 24 ነው።

«ለምን ቀረሽ?» አልኋት።

«የጎረቤቴ የየሺ ምጥ ጸንቶ ነበር፣ እትዬ። ሦስት ቀን። በእኛ ሰፈር የማዋልደው እኔ ነኝ። እጄን ከእርሷ ላይ አንሥቼ እንዴት እመጣለሁ?»

«ልጁስ ተረፈ?»

«ሴት ናት። ተረፈች።»

ይህ ምክንያት አልጣመኝም። ዳኛ ስለ ምጥ ምን ያውቃል? የባል ወንድም ምን እንደሚያደርግ ግን እኔ አውቃለሁ። ቀኑን አሳስቶ ነግሯት ይሆናል። እርሷ ይህን አላለችኝም፤ የዋህ ሰው የተሠራበትን አያውቅምና። እንደዚያ ብዬ ጀመርሁ። ሦስት መስመር እንደጻፍሁ ማሽኑ ደረቀ። «ሌላ ቀን ነይ» አልኋት። ሄደች።


ኅዳር 28፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ካሣነሽ ያሉኝ ከእኔ በፊት ለሞተው ወንድ ልጅ ካሣ እንድሆን ነው። እርሱ ቢኖር ዳዊት ይደግም ነበር። ካሣው ግን እበት ይዝቅ ነበር። አባቴ ዳዊቱን በባና፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ጠቅልሎ ከራሱ በላይ ይሰቅለው ነበር፤ እንዳልነካው።

ባሌ በሞተ ጊዜ ዋርሳዬ መሬቱን ፈለገው። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ በደሌን ነገርሁት። ጻፈልኝ፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። በኋላ ዳኛው ሲያነቡት «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። ዋርሳዬ ቀድሞኝ ጸሐፊውን አግኝቶት ነበር። ያን ዓመት፣ በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ከልጆች ጋር ሀ ሁ ስል ሴቶቹ ሣቁብኝ። ይሣቁ። ከዚያ ታይፕ ተማርሁ። ያልተነበበለትን ሰው ጣት አላስነክርም ብዬ ማልሁ። እስከ ዛሬም እያነበብሁ ነው የማስፈርመው።

አሁን የታይፑ ሪባን ደርቋል፤ የሚሸጥ የለም። እጄ ካለፈው ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ በእጅ የጻፍሁትን የመዝገብ ቤቱ ልጅ አንብቦ «ይህ የዶሮ ጭረት ነው» ብሎ መልሶብኛል። ይህን ደብተር የማነበው እኔ ብቻ ስለሆንሁ ግድ የለኝም። ስለዚህ ያለኝ ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከነማተሚያው የተረፈ አሮጌ ነው።

ትናንት ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሰርካለም ለአንዱ ባለጉዳይ ስትናገር ሰማኋት። «የእማማ ካሣነሽ ኮምፒውተር ጤነኛ ነው፤ ሜሞሪ ብቻ ነው ያነሰው።»

እማማ! ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት እናቷ አደረገችኝ። ባለጉዳዮቼም አንድ በአንድ ወደ እርሷ ይሻገራሉ።

ግን ሜሞሪ ምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልጠፋም።


ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ጠየቅኋት። ክብሬን ዋጥ አድርጌ መንገዱን ተሻገርሁ። ካቻቢቴ ይዛ ተከተለችኝ፤ ሳትግደረደር።

የጎኑን ሽፋን ሁለት ብሎን ፈትታ ጎተተችው። እኔ ውስጡ ጥርስ ያለው ማሽን፣ የሚሽከረከር ነገር የሞላበት መስሎኝ ነበር። የሚሽከረከረው አንዲት ማራገቢያ ብቻ ናት። የቀረው አረንጓዴ ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩ ቀጫጭን መንገዶች፣ እንደ ሰፈር የቆሙ ጥቃቅን ቤቶች። አቧራው ደግሞ ጉድ ነው። የዚህ አገር ንፋስ የማይገባበት የለም፤ ገለባ እንኳ አግኝቻለሁ።

«እቺ ናት ሜሞሪ» አለችኝ። ከእጄ መዳፍ ጥቂት የምትረዝም፣ ስስ፣ ቆማ የተሰካች ነገር። ከጎኗ ባዶ ቀዳዳ አለ፤ ቦታው ተዘጋጅቶ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል።

«የጻፍሁትን ሁሉ የምትይዘው እቺ ናት?»

«አይደለችም፣ እማማ። የጻፉት የሚቀመጠው እዚያ ታች ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። እቺ አሁን የሚሠሩበትን ብቻ ነው የምትይዘው። መብራት ሲጠፋ ባዶዋን ትቀራለች።»

ሳጥኑን አየሁ፤ እርሷን አየሁ። ከዚያ ገባኝ። «ጎተራውና አውድማው ነው በይኛ! ጎተራዬ ሰፊ ነው፤ አውድማዬ ጠባብ ስለሆነ ነዶውን ጥቂት ጥቂት እያመጣሁ ነው የምወቃው።»

ሰርካለም እጇን አጨበጨበች። «ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ወር ያስተማሩን ይህንኑ ነው!»

ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አላሳየኋትም።

ሲነሣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር ሲቆጥር አይቼው አላውቅም ነበር። 65536 ላይ ይቆማል። የአውድማዬ ስፋት ነው አለችኝ። ገልብጬ ያዝሁት። ባሕር ዳር ያለው ወንድሟ ኤፍሬም ሌላ ሜሞሪ ገዝቶ በሚኒባስ ሹፌር ይልካል።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ቆመ። አጠፋሁት። አበራሁት። 65536። አራት መስመር። ቆመ።

ደጊቱ ሰው ልካ ጠየቀች። ደረሰ በሉ አልሁ። አልደረሰም።


ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

መጣች! ሹፌሩ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ብርማ ላስቲክ ውስጥ ነች። መብራት ግን ከትናንት ጀምሮ የለም።

ሰርካለም፣ «ከላስቲኩ እንዳያወጧት፣ እማማ። መብራት ሲመጣ አብረን እናስገባታለን» አለች።

እንዳታዪ፣ እንዳትነኪ። ይህን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በክፍሌ አቧራ ላይ ትቻት አልሄድም ብዬ ወደ ቤት ይዣት ገባሁ። ውድ ነገር ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ አያድርም። አወጣኋትና በበግ ጠጉር ባናዬ ጫፍ ጠቀለልኋት። በእኛ ቤት ከብርድና ከአቧራ የሚጠበቅ ነገር እንዲያ ነው የሚቀመጠው።


ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ሥራም የለም። ስለዚህ ሜሞሪዋን አውጥቼ በደንብ አየኋት፤ ትናንትም አይቻታለሁ።

ጥርሶቿ ወርቅ ናቸው። ቆጠርኋቸው፤ በአንድ ጎን ሰማንያ አራት፣ በሌላው ጎን ሰማንያ አራት። ከሥሯ ሁለት ቦታ ተቀንጥባለች። በግ እንዳይምታታ ጆሮውን ቀንጠብ እንደምናደርገው። የማን መሆኗን ለማወቅ ይሆን? ከዚያ ሳስበው ቅንጥቦቹ መሐል ለመሐል አይደሉም፤ አንዱ ወደ ጫፍ ይቀርባል። አሃ! ተገልብጣ እንዳትገባ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ደረስሁበት። ሰው ሠርቶት ሰው የማይገባው ነገር የለም፤ ከልካይ ባይኖር።

ወርቁ ደብዘዝ ያለ መሰለኝና በባናው ወለወልሁት። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ባናው ተንጣጣ፤ ጣቴንም ቆንጠጥ አደረገኝ። ጥርሶቿ አሁን ያበራሉ።


ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

መብራት መጣ። የዛሬውን ውሎ ባልዋልሁት።

ሰርካለም መጥታ ሽፋኑን ከፈተች። «ብርማው ላስቲክ የታለ?» አለች። ሜሞሪዋን በመሐረብ ይዤ ነበር። «ጣልሁት» አልኋት። ቅር እንዳላት ከፊቷ አየሁ። አስገባቻት፤ ሁለቱ ነጫጭ መያዣዎች ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ገጠሙ። አበራነው።

ጮኸ። ቲ…ት። ቲ…ት። ስክሪኑ ጨለማ ነው። አውጥታ ጥርሷን በላጲስ ጠረገች፤ መልሳ ሰካች፤ ቦታም ለወጠች። ቲ…ት። ሜሞሪዋን ስታወጣት ብቻ ዝም አለ፤ ተነሣ፤ 65536።

«ሞታለች» አለች ሰርካለም።

በሩ ላይ ባለጉዳይ ሞልቷል። ሁሉም ያያል። ደሜ ፈላ።

«ሙት ገዝተሽ አመጣሽልኝ?» አልሁ፤ ጮክ ብዬ። «ካሣነሽ ትዘጋና ሕዝቡ ሁሉ ይሻገርልሽ?»

«እማማ፣ ወንድሜ እዚያው ሞክሮ ነው የላካት። ከላስቲኩ አያውጧት ያልሁት እኮ በምክንያት ነው። እንዲህ አየሩ ሲደርቅ ሰው አካል ላይ ኤሌክትሪክ ይከማቻል፤ ትንሽ ብልጭታ ትገድላታለች።»

«እኔ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ ቆጣሪ ይትከሉልኛ!»

ሰዉ ሣቀ። ለእኔ ነው የሣቀው፤ በእርሷ ላይ። ካቻቢቴዋን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች። ጋሼ ሀብቴ ብቻ አልሣቀም። «ካሣነሽ» አለኝ፣ «አፍሽ ከማሽንሽ ይፈጥናል።»


ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ልክ ነኝ። የዛሬ ልጅ ሲያይሽ እማማ ይልሻል፤ ዞር ስትዪ ቦታሽን ይወርሳል። እኔ ላይ ተሠርቶብኝ ያውቃል፤ ሽታውን እለየዋለሁ።

ላስቲኩን አልጣልሁትም። ከሣጥኔ ሥር ነው። ይህ ግን ለነገሩ ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ቅዳሴ ላይ ሰርካለም ከፊቴ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋዋለች። ስንወጣ በሌላ በር ወጣሁ።


ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ደጊቱ መጣች። አሥር ቀን ቀርቷታል።

አጠገቤ አስቀምጫት መጻፍ ጀመርሁ። አንድ ፊደል እመታለሁ፤ ቆይቶ ይመጣል። ከዚያ አምስት ፊደል በአንድ ላይ ይወረወራል። ደጊቱ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ታያለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «ከማዶ ያለችው ልጅ ቶሎ ትጽፋለች ይላሉ።»

«ማን ነው የሚል?»

«ዘበኛው።»

«እርሷ የምትጽፈው የሠርግ ጥሪ ነው። የሠርግ ጥሪ ነው የፈለግሽው?»

 ዘጠኝ መስመር ደርሼ ነበር። ዘመኑ እንዴት በተንኮል ቀኑን እንዳሳሳታት፣ እንዴት ብቸኝነቷን እንዳየባት፣ እንዴት ከጸሐፊ ጋር እንደተመሳጠረ… ይህን የመጨረሻውን አጠፋሁት፤ እርሱ የሌላ ጊዜ ነገር ነው። የቀረው ጥሩ ሄዶልኝ ነበር። ድንገት ደረቀ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልነቃ አለ። ባጠፋው ያላስቀመጥሁት ሁሉ ሄደ። ከአውድማው ወደ ጎተራ ያልገባ እህል ነበር።

ረቡዕ 22 ነይ አልኋት። «ይደርሳል?» አለች። «ሳይደርስ የቀረብኝ ማመልከቻ የለም» አልሁ።

ስትወጣ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ አስራዋለች። ማዶ ብልካት ኖሮ በአንድ ሰዓት ጨርሳ ትሄድ ነበር። ግን ያቺ ልጅ ምን ብላ ትጽፍላታለች? የሰው በደል ታውቃለች?


ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ስምንት ቀን።

ሰርካለም ከበሯ ላይ ሆና ሰላም አለችኝ። ዞር አልሁ። ቆይቼ እጄን አነሣሁ፤ ገብታ ነበር።

አሥራ አንድ መስመር። ደረቀ።


ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ፣ ንጋት

ለኪዳን ልሄድ ስነሣ ገና ጎሕ አልቀደደም። ባናውን በናይለን ሹራቤ ላይ ገፈፍ ሳደርገው ብልጭ አለ። ትንንሽ ሰማያዊ ፍንጣሪ፣ እንደ ቆሎ እየተንጣጣ። ሁልጊዜም የማየው ነገር ነው። በልጅነታችን «ባናው ሣቀ» እንል ነበር።

ዛሬ ግን ቆምሁ። መልሼ ለበስሁት፤ ገፈፍሁት። ብልጭ። ሰባት ጊዜ አደረግሁት። ከዚያ ጣቴን ወደ አልጋው ብረት ሳስጠጋ፣ ሳልነካው ገና፣ ከጣቴ ወደ ብረቱ እሳት ዘለለች። እሳቱ ያለው ባናው ላይ ነው ብዬ ነበር ያሰብሁት። ከእኔ ነው የወጣው። እጄን በውሃ አርሼ ሞከርሁ፤ የለም። አድርቄ ሞከርሁ፤ አለ። ስድሳ ሁለት ዓመት በባና ስተኛ ይህን አለማወቄ ይደንቃል። ሰውነቴ ላይ መብረቅ ተሸክሜ ስዞር ኖሬአለሁ።

ብርማውን ላስቲክ ከሣጥኔ ሥር አወጣሁት። ለዚህ ነው የተሠራው።

ኪዳን አመለጠኝ። ተቀምጬ ቀረሁ። አራት ሌሊት ባናው ውስጥ አድራለች። በባናው ወልውያታለሁ። ጣቴን ሲቆነጥጠኝም በዚሁ ደብተር ጽፌዋለሁ፤ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁት፤ የራሴ እጅ ነው።

የገደልኋት እኔ ነኝ። ሰው በሐሰት ከስሻለሁ። በአደባባይ።


ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

በአደባባይ የተነገረ ነውር ጓዳ ውስጥ ይቅር አይባልም። ስለዚህ ሰዉ በሩ ላይ እስኪሞላ ጠብቄ ተሻገርሁ። 

«ሰርካለም» አልሁ፣ ባለፈው በጮህሁበት ድምፅ፣ «የገደልኋት እኔ ነኝ!»

ጋሼ ሀብቴ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ማንን? ማንን ገደልሽ?»

«ሜሞሪዋን!»

«እግዚኦ! ልቤን አጠፋሽው እኮ!» ብሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሰዉ ሣቀ። ዛሬ በእኔ ላይ ነው የሣቀው፤ ቻልሁት። ከላስቲኩ እንዳወጣኋት፣ በባና እንደጠቀለልኋት፣ ላስቲኩን ጣልሁት ያልሁት ውሸት እንደሆነ ሁሉንም ተናገርሁ። ሰርካለም አፏን በእጇ ይዛ ሰማችኝ።

«በባና?» አለች። «ሜሞሪ በባና! እማማ፣ ለዚህ ከባና የባሰ ነገር ቢፈልጉ አያገኙም ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔን ያመመኝ ሜሞሪዋ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አልሁ። 

አዲስ ለማስመጣት ቢያንስ አሥር ቀን ይፈጃል። ለደጊቱ የቀራት አራት ቀን ነው። ይህን ስነግራት ወደ ጓዳዋ ገብታ አቧራ የጠጣ የተበላሸ ኮምፒውተር ጎትታ አወጣች። «የእርስዎው ማሽን ዘመን ሰው ነው። ማዘርቦርዱ፣ ያ አረንጓዴ ጠፍጣፋ፣ ተቃጥሏል፤ ሜሞሪው ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ግን እኔ አልነካውም። እርስዎ ነዎት የሚያወጡትና የሚያስገቡት።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ። ባናውን ግን ያውልቁ!»

ባናውን ለጋሼ ሀብቴ አሸከምሁት። እጄን ታጠብሁ። በአንድ እጄ የሳጥኑን ብረት ያዝሁ፤ በእኔ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ብረቱ እንዲወርድ ነው። መያዣዎቹን ወደ ውጭ ገፋሁ፤ ሜሞሪዋ ራሷ ብድግ አለች። ጫፍና ጫፏን ይዤ፣ ጥርሷን ሳልነካ፣ ወደ እኔው ኮምፒውተር ወሰድኋት። ቅንጥቦቿን አየሁ፤ የቀዳዳውን ጉብታዎች አየሁ፤ አዛመድኋቸው። በሁለት አውራ ጣቴ ቁልቁል ተጫንሁ። እምቢ አለች። «ይጨክኑ» አለች ሰርካለም። ጨከንሁ። ቀጭ። ቀጭ።

አበራሁት። አልጮኸም። ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ፤ 65536ን ሳይቆም አለፈው። የቆመው ሦስት እጥፍ ሆኖ ነው። 196608።

ጋሼ ሀብቴ ከነባናዬ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ስንት ወለደ?» አለ።


ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ማመልከቻውን ከትናንት ወዲያ ጨርሼ ነበር። ፊደሉ ከጣቴ እኩል ይወጣል። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ጽፌ አላውቅም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። አትሜም አስቀመጥሁት።

ደጊቱ በጧት ደረሰች። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «…ተጠሪው የባሌ ወንድም ሆን ብሎ በተንኮል የቀጠሮውን ቀን አሳስቶ ስለነገረኝ…» ስል እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«እንዴት ማን ነገረዎት ትያለሽ? አልሠራብሽም?»

«ዘመኑ ቀኑን አላሳሳተኝም። ልጁን ልኮ በትክክል ነው ያስነገረኝ። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

«መሬትሽን ሊወስድ የቆመ ሰው ነው!»

«አዎ፣ ሊወስድ ነው። ይህን ግን አላደረገም። ቃለ መሐላ ነው አላሉኝም? በሐሰት ምዬ የማንን ልጅ በዚህ እጄ እቀበላለሁ?»

«ምጥ ብለሽ ትረቺያለሽ?»

«እንጃ። የሺ ልጂቱን አዝላ መጥታ እመሰክራለሁ ብላለች።» ከዚያ ፊቴን አየችኝ። ክፋት አልነበረባትም። «እትዬ፣ ይህ የማን ዋርሳ ነው? የእኔው እንዲህ አይደለም።»

 መነጽሬን አወለቅሁ፤ ወለወልሁ።

በታይፕ ጊዜ ባለጉዳይ አንድ ቃል ይቀየርልኝ ሲለኝ፣ ገጹ እንደ አዲስ ሊጻፍ ነው፣ ወረቀት ሊበላሽ ነው ብዬ እቆጣ ነበር። ስለዚህ «ይሁን፣ ይህም ደኅና ነው» ይሉኝ ነበር። ስንቱ እንደዚያ ብሎኛል? ማንበቤን እንጂ ማን ምን እንዳለ አልቆጠርሁም። ሳነብላቸው ዝም ያሉት ተስማምተው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ አጠፋሁት። ዘመኑ ቀኑን ያሳሳተበትን አሥር መስመር ስክሪኑ ላይ ጥቁር አድርጌ ይዤ የማጥፊያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መታሁ፤ የለም። ከሥር ያለው ጽሑፍ ወደ ላይ ተነሥቶ ቦታውን ያዘ። ደጊቱ፣ «ወይ ጉድ! ወዴት ሄደ?» አለች። «መሄድ ወዳለበት» አልኋት።

ከዚያ፣ «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ» አልኋት። ተናገረች። ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት። የልጂቱ እግር ቀድሞ እንደመጣ። የሺን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ በቃሬዛ ሊያወጧት ሲሉ ምጡ ማየሉን። የቀጠሮው ሰዓት ሲያልፍ ፀሐዩን አይታ ማወቋን፣ አውቃም አለመነሣቷን። አንድ ገጽም አልሞላ። እኔ ከጻፍሁት ያጥራል። ሁለት ጊዜ አነበብሁላት።

«አዎ» አለች። «ይኸው ነው።»


ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ልታስገባ አብሬያት ገባሁ። ብዙ ጊዜ ከበሩ አልፌ አልገባም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

የመዝገብ ቤቱ ልጅ አነበበው። የልጂቱ እግር ቀድሞ የመጣበት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ደጊቱን አያት፤ እንደገና አነበበው። «መሐላ ነው፤ ይህ ያንቺ ቃል ነው?» አላት።

«ቃሌ ነው።»

ጣቷን ነከረች። ፈርታ ነበር፤ ግን አጥብቃ አተመች።  ማኅተም ተመታበት። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ።


ጥር 14፣ ሐሙስ

ታየ። የሺ ልጂቱን ታቅፋ መሰከረች። ልጂቱ ችሎት መሐል ስታለቅስ ዳኛው፣ «ምስክርነቷ ተመዝግቧል» አሉ፤ ዘመኑ እንኳ ፈገግ ብሎ እንደነበር ጋሼ ሀብቴ ነገረኝ። ቀኑን በትክክል እንዳስነገራት ሲጠይቁት አዎ አለ። የጻፍሁት የፊተኛው ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ውሸቷ ይያዝ ነበር።

በሌለችበት የተሰጠው ውሳኔ ተነሣ። ክርክሩ ለየካቲት 5 ተቀጠረ። መሬቱ ገና አልተረታም፤ አልሄደምም።

ደጊቱ በበሬ ስታልፍ ቆም አለች። ብዙ ነገር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ ንፋስ ሳይቆም ልድረስ» ብላ ሄደች። ጫማዋ አዲስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአርብ ገበያ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። ከወንድማቸው ጋር በወሰን ተጣልተዋል። ቁጭ ከማለታቸው፣ «ጻፊልኝ፣ ልጄ። አንቺ የሚባለውን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«አላውቀውም፣ አባቴ» አልኋቸው። «እርስዎ ይንገሩኝ።»

እስኪመሽ ድረስ ነገሩኝ።